ማይክል ፋራዴይ፦ መጽሐፍ ጠራዡ ልጅና ሙቀትን የሚያውቀው ማብሪያ



ክሊኒክ ስትሄዱ ብብታችሁ ሥር ገብቶ ትኩሳታችሁን በቁጥር የሚያሳየውን ትንሽ መሣሪያ አይታችሁ ይሆናል። ከእነዚህ መሣሪያዎች በብዙዎቹ ጫፍ ውስጥ ከምስር የምታንስ ፍሬ አለች። ፍሬዋ ስትሞቅ የኤሌክትሪክ ጅረት በቀላሉ ታሳልፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ግን መንገዱን ታጠባለች። የእርሷ ቢጤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ባትሪ ውስጥም ትገኛለች፤ እዚያ ሥራዋ ባትሪው ከልክ በላይ ሲግል ማሳወቅ ነው። ስሟ ቴርሚስተር ይባላል። ቴርሚስተርን ከጥቂት ርካሽ ዕቃዎች ጋር ያገናኘ ተማሪ፣ ሙቀት ሲመጣ ራሱ የሚበራ፣ ሙቀት ሲሄድ ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ መሥራት ይችላል። አሠራሩን ከዚህ ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ ታገኙታላችሁ።

አስቀድመን ግን የአንድ ሰው ታሪክ እናንብብ። ይህን የሙቀትና የኤሌክትሪክ ጠባይ መርምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈረው ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አልደረሰም። በ13 ዓመቱ ተላላኪ ሆኖ ሥራ የጀመረ የድሃ ልጅ ነበር። ስሙ ማይክል ፋራዴይ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ በሚገኝ ኒዊንግተን በተባለ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ ከሰሜን እንግሊዝ ገጠር ተነሥቶ ወደ ለንደን የመጣው ሥራ ፍለጋ ነው። ይሁን እንጂ አባትየው ጤና አልነበረውም፤ መዶሻ ማንሣት የሚያቅተው ቀን ብዙ ነበር። ቀጥቃጭ በታመመ ቀን ደግሞ ቤቱ ጦሙን ያድራል።

በ1801 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር እህል እጅግ ተወደደ። የፋራዴይ ቤተሰብም በእርዳታ ለመኖር ተገደደ። በዚያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረው ማይክል በሳምንት አንድ ዳቦ ይሰጠው ነበር፤ ያችኑ ቆጥቦ ሰባት ቀን መድረስ ነበረበት። ራሽን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሰው በልጅነቱ ያውቀው ነበር።

ትምህርቱ ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ የአንዲት ትንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበር አባል ስለነበረ፣ በመጠን መኖርንና ቃል መጠበቅን ከወላጆቹ ተማረ። ይህን ጠባይ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልተወም።

በመጽሐፍ ጠራዡ ቤት

በ1804 ዓ.ም. ማይክል ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ውድ ስለነበረ ደንበኞች ይከራዩት ነበር። የማይክል ሥራ ጋዜጣውን ከቤት ቤት ማድረስና ተነቦ ሲያልቅ መልሶ መሰብሰብ ነበር። ትጋቱን ያየው ሪቦ በዓመቱ ያለ ክፍያ ለሰባት ዓመት የጥረዛ ተለማማጅ አድርጎ ተቀበለው። ተለማማጅ ለመሆን በልማዱ ገንዘብ ይከፈል ነበርና ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ልጁ ቀን ቀን መጻሕፍት ይጠርዛል፤ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ የሚጠርዛቸውን ያነባል። ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ያገኘው በዚህ አኳኋን ነው። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መጽሐፍም በእጁ ገባ። ማይክል ያነበበውን እንዲሁ አምኖ አልተቀመጠም። ከኪሱ ሳንቲም በተረፈችው ልክ ዕቃ እየገዛ፣ መጽሐፉ ይሆናል ያለው ነገር በእርግጥ ይሆን እንደሆነ በገዛ እጁ ይሞክር ነበር።

በ1812 ዓ.ም. የሠራውን ባትሪ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ከዚንክ ቆርቆሮ በሳንቲም ልክ ሰባት ክብ ቁራጮች ቆረጠ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የመዳብ ሳንቲም አስቀመጠ። በየጥንዶቹ መካከል በጨው ውኃ የተነከረ ወረቀት አደረገ። በቃ፣ ባትሪ ሆነ! በዚህ መሣሪያ ጅረት አግኝቶ በውኃ የሟሟ ጨው ሲበታተን ተመለከተ።

ወላጆች ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ነገር አለ። በ1810 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ጆን ቴተም የተባለ ሰው በምሽት ስለ ሳይንስ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ መግቢያው ለአንድ ምሽት አንድ ሺሊንግ ነው። ማይክል ሺሊንግ አልነበረውም። የከፈለለት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። አባታቸው በዚያው ዓመት ሞተ። ስለዚህ ያ ሺሊንግ ከሞላ ቤት የወጣ ገንዘብ አልነበረም። ሪቦ ቤት ተከራይቶ የነበረ፣ ከፈረንሣውያን ወላጆች የተወለደ ማስክሪየ የተባለ ሰዓሊ ደግሞ ሥዕል አሠራር አስተማረው፤ ማይክልም በምላሹ ክፍሉን ያጸዳለት፣ ጫማውን ይጠርግለት ነበር። ሥዕሉ የተፈለገው በትምህርቱ ላይ የሚያያቸውን መሣሪያዎች በደብተሩ ለመንደፍ ነው።

ዕድል የከፈተው ደብተር

በ1812 ዓ.ም. የሪቦ ደንበኛ የሆነ ዊልያም ዳንስ የተባለ ሰው ለማይክል አራት የመግቢያ ቲኬቶች ሰጠው። ቲኬቶቹ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የዘመኑ ዝነኛ የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሀምፍሪ ዴቪ ለሚሰጣቸው ትምህርቶች ነበሩ። ማይክል ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ተቀምጦ የተባለውን ሁሉ ጻፈ። ቤቱ ሲመለስ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ገለበጠው፤ መሣሪያዎቹን ሣለ፤ በሙያው ጠረዘው። ወደ 300 ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የልምምዱ ዘመን አብቅቶ በሌላ ጠራዥ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ ልቡ ግን ሳይንስ ላይ ነው። በመጀመሪያ ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሥራ ይለምን ዘንድ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ቀጥሎ ያን የጠረዘውን መጽሐፍ ከደብዳቤ ጋር ለዴቪ ላከ። ዴቪ አክብሮ መለሰለት፤ ይሁን እንጂ ሲያነጋግረው ክፍት ቦታ ስላልነበረ የጥረዛውን ሙያ እንዳይተው መከረው። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከቤተ ሙከራው ረዳቶች አንዱ ተሰናበተ። ማርች 1 ቀን 1813 ዓ.ም. ፋራዴይ በሳምንት 25 ሺሊንግ፣ ከሕንፃው ጣራ ሥር ሁለት ክፍሎች፣ እንዲሁም ከሰልና ሻማ እየተሰጠው ተቀጠረ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ቲኬቱ ዕድል ነው፤ ለሌላም ሰው ሊደርስ ይችል ነበር። ደብተሩ ግን ቲኬቱ ሳይመጣ በፊት የተለመደ ሥራ ነበር። ሰው ዕድል የሚመጣበትን ቀን አያዝም፤ ዕድሉ ሲመጣ ምን በእጁ እንደሚያገኝ ግን ሊያዘጋጅ ይችላል።

ከአገልጋይነት ወደ ሊቅነት

በኦክቶበር 1813 ዴቪ ከባለቤቱ ጋር ወደ አውሮፓ ዋና ምድር ጉዞ ጀመረ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሣይ ጦርነት ላይ ስለነበሩ የዴቪ አሽከር ፈርቶ ቀረ። ፋራዴይ ለጊዜው የአሽከሩንም ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተጠየቀ። ጊዜያዊ የተባለው ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ዘለቀ። የዴቪ ባለቤት እንደ አሽከር ስለምትመለከተው መከራውን አየ፤ ሁሉን ጥሎ ወደ አገሩ ለመመለስም አስቦ ነበር። ግን ታገሠ። በፓሪስ እነ አምፔርን አየ፤ በሚላን የኤሌክትሪክ ባትሪን የፈጠረውን ቮልታን ተገናኘ። ለእርሱ ዩኒቨርሲቲው ይህ ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1820 ዓ.ም. ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በሽቦ የሚያልፍ ጅረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳወቀ። በተከታዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፋራዴይ ባዜቃ በሞላ ዕቃ ውስጥ የተንጠለጠለ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለ ማቋረጥ እንዲሽከረከር አደረገ። የዛሬዎቹ ሞተሮች ሁሉ አያት ይህ ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። ፋራዴይ ውጤቱን ቸኩሎ ሲያሳትም፣ ቀደም ብለው በዚሁ ጉዳይ ያሰቡትን ዴቪንና ዎላስተን የተባለ ሌላ ሊቅን አላነሣም ነበር። የሰው ሐሳብ ወሰደ ተብሎ ተወራበት። እርሱም ዎላስተን ዘንድ ራሱ ሄዶ ነገሩን አስረዳ። በ1824 ዓ.ም. ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ ዋናው ተቃዋሚ ያሳደገው ጌታው ዴቪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋራዴይ ስለ ዴቪ ክፉ ሲናገር አልተሰማም፤ የሠራውን ሥራ ሁሉ ግን ቀኑን እየጠቀሰ መጻፍን አጠበቀ።

የብረት ቀለበቱ

ጅረት ማግኔትን ከወለደ፣ ማግኔትስ ጅረትን ሊወልድ አይችልም? ፋራዴይ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዞ ዞረ፤ በየጊዜው እየሞከረ አልሆነለትም። ያልሆነውንም ጭምር ጻፈ። ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. በአንድ የብረት ቀለበት ላይ በሁለት ወገን ሽቦ ጠመጠመ። ያን ጊዜ የተሸፈነ ሽቦ በገበያ ስላልነበረ ሽቦውን በክርና በጨርቅ እያለያየ ነው የጠመጠመው። አንዱን ጥቅል ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ ከሌላው ጥቅል ጋር በተያያዘው ሽቦ አጠገብ ያለው መርፌ ዘለለና ተመልሶ ጸጥ አለ። ባትሪውን ሲያላቅቅ እንደገና ዘለለ።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጅረትን የሚወልደው የማግኔት መኖር ሳይሆን የማግኔት መለወጥ ነው። በኦክቶበር ወር ማግኔትን በጥቅል ሽቦ ውስጥ አስገብቶ በማውጣት፣ ቀጥሎም የመዳብ ሰሌዳ በማግኔት መካከል በማሽከርከር ጅረት አገኘ። ዛሬ በግድብም ሆነ በጄኔሬተር የሚመነጨው መብራት በዚህ ሕግ የሚሠራ ነው።

የመብራቱ ነበልባልና የብሩ ውህድ

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር ደረስን። በ1833 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋራዴይ ጠጣርና ፈሳሽ ነገሮች ጅረት እንዴት እንደሚያሳልፉ በየተራ ይመረምር ነበር። ከእነዚህ አንዱ የብርና የድኝ ውህድ የሆነው ሲልቨር ሰልፋይድ ነው። ውህዱን ከባትሪና ከጅረት መለኪያ ጋር አገናኘው። ሲቀዘቅዝ የሚያሳልፈው ጅረት እጅግ ጥቂት ነበር። ከሥሩ በመብራት ነበልባል ሲያሞቀው ግን የመለኪያው መርፌ ከፍ እያለ ሄደ። መብራቱን ሲያነሣ መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ነገር ለምን ያስገርማል? የታወቁት ብረታ ብረቶች ጠባይ ተቃራኒ ስለሆነ ነው። መዳብም ሆነ ብረት ሲሞቅ ጅረት የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል፤ ይህንንም ዴቪ ራሱ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ሲልቨር ሰልፋይድ ግን ሲሞቅ ችሎታው ይጨምራል። ፋራዴይ ምክንያቱን ሊናገር አልቻለም፤ በዘመኑም ሊችል የሚችል ሰው አልነበረም። ኤሌክትሮን ራሱ የታወቀው በ1897 ዓ.ም. ነው። ፋራዴይ የማያውቀውን ምክንያት አልፈጠረም፤ ያየውን ብቻ እንዳየው ጽፎ በዚያው ዓመት አሳተመውና ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እንጨምር። ፋራዴይ ከ1832 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ደብተሩ የሚጽፈውን እያንዳንዱን አንቀጽ በተራ ቁጥር ይመዘግብ ነበር። ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ቁጥሩን ሳያቋርጥ ቀጥሎ የመጨረሻው አንቀጽ 16,041 ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሒሳብ ያልተማረው መምህር

ፋራዴይ ጥሩ አስተማሪም ነበር። ሮያል ኢንስቲትዩሽን በ1825 ዓ.ም. ለልጆች የጀመረውን የገና ሰሞን ትምህርት ራሱ ለ19 ዓመታት ሰጥቷል። በጣም የታወቀው ስለ አንዲት ሻማ ያስተማረው ነው፤ ከአንዲት ሻማ መንደድ ተነሥቶ አየርን፣ ውኃንና የሰውን ትንፋሽ አስረድቷል። እርሱና ባለቤቱ ሣራ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የተማሩት ልጆች ብዙ ናቸው።

አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ልጅ ሆኖ ከተማራት ሒሳብ በላይ አልተማረም። በማግኔት ዙሪያ ስለሚዘረጋው ኃይል ያሰበውን በመስመርና በሥዕል እንጂ በቀመር ሊያስቀምጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ሐሳቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በኋላ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ተነሥቶ የፋራዴይን ሥዕል በሒሳብ ቋንቋ ጻፈው፤ በ1865 ዓ.ም. ያሳተመው ሥራ ለሬዲዮ ሳይንስ መሠረት ሆነ። ሽማግሌው ፋራዴይ በ1857 ዓ.ም. ለማክስዌል ሲጽፍ፣ የሒሳብ ሊቃውንት ውጤታቸውን በተራ ቋንቋም ቢገልጹት እንደ እርሱ ያለው ሰው ሊጠቀም እንደሚችል ገልጾለት ነበር። እንግዲህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ፋራዴይም ሒሳብ አያውቅም ነበር ብላችሁ ሒሳብን እንዳትሸሹ። እርሱ ራሱ የጎደለውን ያውቅ ነበር።

ኋለኛው ዘመኑ

ክብር ሲመጣለት ፋራዴይ ብዙውን አልተቀበለም። የሰርነት ማዕረግ አልፈልግም አለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። በአንጻሩ ለመርከበኞች ብርሃን የሚያሳዩትን የባሕር ዳር ፋኖስ ማማዎች አሠራር ለማሻሻል ለሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቷል።

ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ የማስታወስ ኃይሉ ደከመ። የሠራውን ሙከራ ረስቶ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ነበር። የረሳውን የሚያስታውሰው ያ ቁጥር ያለው ደብተሩ ነው። በ1858 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ሀምፕተን ኮርት በተባለ ስፍራ መኖሪያ ቤት ሰጠችው። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. በዚያው ቤት በ75 ዓመቱ አረፈ። በለንደን ሀይጌት መቃብር ብዙ ጌጥ በሌለው ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

ያ በ1833 ዓ.ም. የተጻፈው ማስታወሻ ግን ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ፋራዴይ ከሞተ ከ63 ዓመት በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ ሳሙኤል ሩበን የተባለ አሜሪካዊ ፈልሳፊ ለገበያ የሚውል ቴርሚስተር ሠራ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ እንዲህ ያሉት ቁሶች ለምን ሲሞቁ ይበልጥ እንደሚያሳልፉ አለን ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ አስረዳ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ቁሱ ሲቀዘቅዝ ከኤሌክትሮኖቹ አብዛኞቹ በየቦታቸው ታስረው ይቀመጣሉ፤ ሙቀት ሲያገኙ ብዙዎቹ ይፈቱና ጅረት ይሸከማሉ። በብረታ ብረት ግን ኤሌክትሮኖቹ ድሮም የተፈቱ ስለሆኑ ሙቀት የሚጨምረው መደናቀፍን ብቻ ነው። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ሲሠራ ጥቂት ጅረት ብዙውን የሚያዝበት መንገድ ተገኘ። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ሙቀትን የሚያውቅ ማብሪያ ሆኑ።

እናንተም ሞክሩት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦

1. 1.5 ቮልት የሆኑ አራት የባትሪ ድንጋዮች
2. በተራ ሙቀት 10,000 ኦም የሆነ፣ ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ቴርሚስተር
3. 5,000 ወይም 10,000 ኦም የሆነ ተሽከርካሪ ሬዚስተር፣ ማለት የሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት
4. ቢሲ 547 የተባለ ትራንዚስተር
5. አንድ የ1,000 ኦምና አንድ የ330 ኦም ሬዚስተር
6. ኤል ኢ ዲ የምትባለዋ ትንሽ ቀይ መብራት
7. ቁርጥራጭ ሽቦና ፕላስተር

አራቱን ድንጋዮች በተከታታይ አያይዙ፤ 6 ቮልት ይሆናል። የቴርሚስተሩን አንድ እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ሁለተኛውን እግር ከተሽከርካሪው ሬዚስተር መካከለኛ እግር ጋር ጠምዝዙ፤ ይህን ቦታ መገናኛ እንበለው። ከተሽከርካሪው ሬዚስተር ዳርና ዳር እግሮች አንዱን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ውሰዱ። ከዚያ 1,000 ኦሙን ሬዚስተር ከመገናኛው ወደ ትራንዚስተሩ መካከለኛ እግር አያይዙ።

የትራንዚስተሩን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ራሳችሁ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትይዙት የቀኙ እግር ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይሄዳል። የግራው እግር ከኤል ኢ ዲዋ አጭር እግር ጋር ይገናኛል። የኤል ኢ ዲዋ ረጅም እግር በ330 ኦሙ ሬዚስተር በኩል ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ በፕላስተር ለዩዋቸው።

አሁን ተሽከርካሪውን መብራቷ ልክ እስክትጠፋ ድረስ ቀስ ብላችሁ አዙሩና ተዉት። ቀጥሎ ቴርሚስተሩን በሁለት ጣቶቻችሁ ያዙ። የሰውነታችሁ ሙቀት ሲደርሰው ኦሙ ይቀንሳል፤ በመገናኛው ላይ ያለው ቮልት ከፍ ይላል፤ ወደ 0.6 ቮልት ገደማ ሲደርስ ትራንዚስተሩ ይከፈትና መብራቷ ትበራለች። ስትለቁት ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች። ፋራዴይ መብራቱን ሲያነሣ መርፌው የተመለሰው በዚሁ ጠባይ ነው። በሐሩር አገር ቀትር ላይ አየሩ እንደ ሰው ገላ ስለሚሞቅ በጣት ልዩነት አታዩ ይሆናል። በማለዳ ሞክሩ፤ ወይም ቴርሚስተሩን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስገቡት።

እንደ ትንሽ አድናቂ ያለ ከበድ ያለ ነገር ለማስነሣት ሪሌይ የተባለው ዕቃ ያስፈልጋል። በሪሌይ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ጅረት ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ ሌላ ማብሪያ ይስባል። ጅረቱ ሲቋረጥ ግን ማግኔቱ በድንገት ስለሚለወጥ ትራንዚስተሩን ሊያቃጥል የሚችል ኃይል ይወለዳል፤ ስለዚህ በጥቅሉ ዳርና ዳር ዳዮድ ይደረጋል። ይህ ፋራዴይ በብረት ቀለበቱ ያየው ሕግ ነው። ሪሌይ ያለበትን ሥራ ከሳይንስ መምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ብቻ ሥሩ። ከጄኔሬተር ወይም ከግድግዳ መብራት ጋር ግን ፈጽሞ አታገናኙ፤ እርሱ ይገድላል።

የሞከራችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውንና ያልሆነውን በተራ ቁጥር አስፍሩ። ወላጆችም ልጃችሁ ያረጀ ሬዲዮ ፈትቶ ሲቀመጥ ካያችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እየፈለገ እንደሆነ ጠይቁት። ሮበርት ቀጥቃጩ ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር ይሆናል፤ ወንድሙ ግን ምን እንደሚፈልግ አውቆ ሺሊንጉን ሰጠው።

ጥያቄዎች

1. ፋራዴይ በ1833 ዓ.ም. ያየውን ነገር ምክንያቱን ሳያውቅ መጻፉ ለምን ጠቀመ?
2. በመዳብ ሽቦና በቴርሚስተር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በሙከራችን የቴርሚስተሩንና የተሽከርካሪውን ሬዚስተር ቦታ ብንለዋውጥ መብራቷ መቼ ትበራለች? አስቀድማችሁ መልሱን ጻፉ፤ ከዚያ ሞክራችሁ አረጋግጡ።